አንድ ወገን የሚመርጠው የአጥንት በሽታ

የእህቴ ልጅ ኦሊየር የሚባል የአጥንት በሽታ እንዳለባት ከታወቀ ወዲህ፣ ዘመድ በተሰበሰበበት ሁሉ ሁለት ጥያቄዎች ይቀርቡልኛል። አንደኛው «ካንሰር ነው?» የሚል ነው፤ ሌላው ደግሞ ድምፅን ዝቅ አድርጎ፣ ብዙውን ጊዜም እህቴ ራቅ ስትል የሚጠየቀው «በዘር አለባችሁ እንዴ?» የሚል ነው። ለሁለተኛው መልሱ አጭርና ቁርጥ ያለ ነው፤ የለብንም፣ በሽታውም በዚያ መንገድ አይመጣም። ለመጀመሪያው ግን «አይደለም» ብሎ ዝም ማለት ሙሉ እውነት አይሆንም። እኔ የሒሳብ መምህር እንጂ ሐኪም አይደለሁም፤ ሆኖም እኛ ቤት ሚጣ እያልን የምንጠራትን ይህችን ልጅ ወደ ሕክምና ከሚያመላልሱት አንዱ ስለሆንኩና ስለ በሽታው የማገኘውን ሁሉ ስለማነብ፣ የተረዳሁትን እዚህ ለመጻፍ ወስኛለሁ። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አጥንት ከመነሻው አጥንት ሆኖ አይፈጠርም። በፅንስነት ጊዜ አብዛኛው አፅማችን ካርቲሌጅ ነው፤ ይኸውም በጆሮአችንና በአፍንጫችን ጫፍ ላይ የምንዳስሰው፣ ሲጫኑት የሚታጠፍ ሲለቁት የሚመለስ ልም አጥንት ነው። ይህ ካርቲሌጅ ቀስ በቀስ በጠንካራው አጥንት ይተካል። ልጅ ከተወለደ በኋላም በረጃጅሞቹ አጥንቶች ጫፍ አካባቢ ስስ የካርቲሌጅ ንጣፍ ይቀራል፤ የልጆች ቁመት የሚጨምረው በዚህ ማደጊያ በኩል ነው። በማደጊያው ውስጥ ያሉት ሕዋሳት ይባዛሉ፣ በሰልፍ ይደረደራሉ፣ ያብጣሉ፣ በመጨረሻም ቦታቸውን ለአጥንት ለቅቀው ያልፋሉ። በኦሊየር በሽታ የሚሰናከለው ይህ የመጨረሻው ርክክብ ነው። ቦታቸውን መልቀቅ የነበረባቸው አንዳንድ የካርቲሌጅ ሕዋሳት እንደ ካርቲሌጅ ሆነው ይቀሩና በአጥንቱ ውስጥ እየተባዙ ጉብታ ይሠራሉ። ጉብታው ኤንኮንድሮማ ይባላል። አንድ ኤንኮንድሮማ ብቻ ያላቸው ሰዎች ብዙ ናቸው፤ አንዳንዶቹም ለሌላ ጉዳይ ራጅ ሲነሡ በአጋጣሚ ይታይባቸዋል እንጂ ዕድሜ ልካቸውን አያውቁትም። በርካታ ኤንኮንድሮማዎች ከልጅነት ጀምሮ በተለያዩ አጥንቶች ውስጥ ሲገኙ ግን በሽታው ኦሊየር ይባላል። ከ100,000 ሰዎች አንዱን ያህል እንደሚይዝ ይገመታል።

በሽታው ስሙን ያገኘው በፈረንሳይ የሊዮን ከተማ ቀዶ ሐኪም ከነበረው ከሊዮፖልድ ኦሊየር ነው። ኦሊየር በ1830 ተወልዶ በ1900 የሞተ ሲሆን፣ አብዛኛውን ዕድሜውን ያሳለፈው አጥንት እንዴት እንደሚያድግና ከተቆረጠ በኋላ እንዴት እንደሚተካ በመመርመር ነው፤ አጥንትን እንደ ልብስ የሚሸፍነው ስስ ሽፋን አዲስ አጥንት የመሥራት ኃይል እንዳለው በሙከራ ካሳዩት ሊቃውንት አንዱ እሱ ነበር። ራጅ የተገኘው በ1895 ነው፤ ኦሊየር ደግሞ በሕይወቱ የመጨረሻ ዓመታት ይህን አዲስ መሣሪያ ተጠቅሞ በልጆች አጥንት ውስጥ ያልተለወጠ ካርቲሌጅ አየ። ዕድሜ ልኩን ስለ አጥንት ዕድገት ያጠና ሰው ስሙ የቀረው ዕድገቱ ባልተሟላ አጥንት ላይ መሆኑ ሁልጊዜ ይገርመኛል። ከእሱ ቀደም ብሎ፣ በ1881፣ ጣሊያናዊው አንጄሎ ማፉቺ ተመሳሳይ የካርቲሌጅ ጉብታዎች ከደም ሥር እብጠቶች ጋር በአንድ ሰው ላይ መኖራቸውን ገልጾ ነበር፤ ያ ሁለተኛው ዓይነት ዛሬ ማፉቺ ይባላል።

ኦሊየር ያስተዋለውና ዛሬም ሐኪሞች መጀመሪያ የሚያዩት ነገር በሽታው አንድ ወገን መምረጡ ነው። በሁለቱም ወገን ጉብታ ያለባቸው ልጆች ቢኖሩም፣ ያኔም ቢሆን አንዱ ወገን ይብስበታል። የሚጣ በሽታ በግራዋ ነው። ከግራ እጇ ጣቶች ሦስቱ በአንጓዎቻቸው መካከል ወፈር ወፈር ያሉ ጉብታዎች አሏቸው፤ ግራ እግሯ ከቀኙ ያጥራል፤ ግራ ክንዷም ወደ አንጓው ሲቃረብ በትንሹ ይጎብጣል፤ ምክንያቱም ከሁለቱ የክንድ አጥንቶች አንዱ ከሌላው ጋር እኩል አላደገም። ቀኝ ወገኗ ከማንኛውም ልጅ አይለይም። እኔ እንደማስበው ስለዚህ በሽታ አንድ ነገር ብቻ አስታውስ የተባለ ሰው ይህንን የአንድ ወገን ነገር ቢይዝ ይበቃዋል፤ የበሽታው መነሻም፣ ከሌሎች በሽታዎች የሚለይበት መንገድም፣ የሕክምናው ዋና ችግርም ከዚሁ ይመዘዛል።

በመጀመሪያ መነሻው። በ2011 ሁለት የተመራማሪ ቡድኖች በአብዛኞቹ የኦሊየርና የማፉቺ ሕመምተኞች ጉብታዎች ውስጥ አይዲኤች1 ወይም አይዲኤች2 በሚባሉ ጂኖች ላይ አንድ ዓይነት ለውጥ አገኙ። እነዚህ ጂኖች ሕዋስ ምግቡን ወደ ጉልበት በሚለውጥበት ሂደት ውስጥ የሚሠሩ ኢንዛይሞችን ያዝዛሉ። ለውጡ ሲደርስባቸው ኢንዛይሙ ሥራውን ማቆም ብቻ ሳይሆን በጤነኛ ሕዋስ ውስጥ በጣም ጥቂት የሆነ ሌላ ውሕድ በብዛት ማምረት ይጀምራል፤ ያ ውሕድ ደግሞ ሕዋሱ የትኞቹን ጂኖች ከፍቶ የትኞቹን እንደሚዘጋ የሚወስነውን ሥርዓት ያዛባል። ወደ አጥንትነት ማለፍ የነበረበት የካርቲሌጅ ሕዋስ በልጅነቱ የሚቀረው በዚህ ምክንያት ነው።

ዋናው ቁም ነገር ግን ለውጡ መቼና የት እንደሚደርስ ነው። ከአባት ወይም ከእናት የሚወረስ ቢሆን ኖሮ በልጁ ሕዋሳት ሁሉ ውስጥ ይገኝ ነበር፤ ግራና ቀኝም እኩል ይታመሙ ነበር። በኦሊየር ለውጡ የሚደርሰው ፅንሱ በማኅፀን ውስጥ ማደግ ከጀመረ በኋላ በአንዲት ሕዋስ ላይ ነው፤ ከዚያች ሕዋስ የሚወለዱት ሁሉ ለውጡን ይዘው ይሄዳሉ፣ ሌሎቹ ግን አይነኩም። በሰፊ ማሳ አንድ ጥግ ላይ እንክርዳድ ቢወድቅ የሚበቅለው በዚያው ጥግ እንጂ በማሳው ሁሉ እንዳልሆነ ማለት ነው። ለውጡ ቀደም ብሎ ከደረሰ ሰፋ ያለ የሰውነት ክፍል ይነካል፤ ዘግይቶ ከደረሰ ጥቂት ጣቶችን ብቻ ሊነካ ይችላል። ለዚህም ነው ከአንድ ኦሊየር ያለበት ልጅ ወደ ሌላው ሲኬድ ሁለቱ አንድ ዓይነት በሽታ ያለባቸው የማይመስለው። የደም ምርመራም ብዙ ጊዜ ምንም አያሳይም፤ ለውጡ ያለው በጉብታው እንጂ በደሙ ውስጥ አይደለምና፣ «የዘረመል ምርመራ በደም አድርጉላት» ተብሎ ብዙ ገንዘብ ከመውጣቱ በፊት ይህንን ማወቅ ይጠቅማል።

ይህ እውቀት ለእህቴ ከማንኛውም መድኃኒት በላይ እንደጠቀማት አምናለሁ። በእርግዝናዋ ወቅት የበላችውን፣ ያነሣችውን ከባድ ዕቃ፣ የወሰደችውን የራስ ምታት ክኒን፣ አንድ ቀን ከታክሲ ስትወርድ መንገዳገዷን ሁሉ እየቆጠረች ራሷን ስትከስ ኖራለች። ከእነዚህ አንዳቸውም የዚህ በሽታ ምክንያት መሆናቸው አይታወቅም። ሚጣ ወንድም ወይም እህት ብታገኝ በሽታው ይደግመናል ብሎ የሚያስፈራ ምክንያት የለም፤ እሷም አድጋ ስትወልድ ወደ ልጆቿ የምታስተላልፈው ነገር አይደለም። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ለሚጠይቁኝ ዘመዶች ይህን ድምፄን ከፍ አድርጌ እመልሳለሁ።

በሽታውን ከሌሎች መለየት ላይም ይኸው የአንድ ወገን ነገር ይጠቅማል። ሚጣ ማነከስ ስትጀምር አንዲት ጎረቤታችን እህቴን «ፀሐይ አላሞቅሻትም እንዴ?» አለቻት፤ መጀመሪያ የታየችበት ክሊኒክም ሪኬትስ ነው ብሎ ቫይታሚን ዲና ካልሲየም አዘዘ። ሪኬትስ በአገራችን የታወቀ የልጆች በሽታ ስለሆነ ጥርጣሬው ያለ ምክንያት የመጣ አይደለም። ነገር ግን ሪኬትስ መላ ሰውነትን የሚመለከት የንጥረ ነገር እጥረት ነው፤ ብዙውን ጊዜ ሁለቱንም እግሮች ያጎብጣል፣ ሁለቱንም የእጅ አንጓዎች ያወፍራል። አንዱ እግር ቀጥ ብሎ ሌላው ካጠረና ከጎበጠ፣ በተለይም የጣት ጉብታ ካለ፣ ነገሩ ሌላ መሆኑን ማሰብ ይገባል። አንድ የራጅ ፎቶ ጥያቄውን ይፈታዋል፤ በኦሊየር ከማደጊያው ተነሥተው ወደ አጥንቱ መሀል የሚወርዱ፣ እንደ ማራገቢያ የተዘረጉ ጠቆር ያሉ መስመሮችና ክብ ክብ ክፍተቶች ይታያሉ። ሪኬትስ ያለበት ልጅ የማደጊያ ጠርዝ ግን ይሰፋል፣ ይቦረቦራል እንጂ እንዲህ ያለ መስመር አይሰጥም።

ሌላው የሚምታታበት በሽታ በአጥንት ላይ ወደ ውጭ የሚበቅሉ ብዙ ጉብታዎች ያሉበት፣ በዘር የሚተላለፍ በሽታ ነው። ይህ ከ50,000 ሰዎች አንዱን ያህል የሚይዝ ሲሆን፣ ኤክስት1 እና ኤክስት2 በሚባሉ ጂኖች ለውጥ ይመጣል፤ ካለበት ወላጅ የሚወለድ እያንዳንዱ ልጅ የመውረስ ዕድሉም ግማሽ በግማሽ ነው። ጉብታዎቹ ከአጥንቱ ውጭ እንጂ ውስጥ አይደሉም፣ ግራ ቀኝም አይመርጡም። ሁለቱን በሽታዎች አንድ አድርጎ ማየት አላስፈላጊ የዘር ፍርሃት ከማምጣቱም በላይ ክትትሉንም ያዛባል።

በካርቲሌጅ የተሞላ አጥንት ግድግዳው ስስ ነው፤ ስለዚህ በቀላሉ ይሰበራል። ሚጣ ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰበረችው ከአልጋዋ ስትወርድ አዳልጧት ነው፤ ሌላ ልጅ ቢሆን አልቅሶ ተነሥቶ ይሮጥ ነበር። በዚያን ጊዜ ወጌሻ ጋ እንድትወሰድ የመከሩን ብዙ ነበሩ። በወጌሾች ላይ የሚነገረውን ክፉ ነገር ሁሉ አልቀበልም፤ የወለቀ ትከሻና የተጠማዘዘ ቁርጭምጭሚት በሚገባ የሚመልሱ አሉ። ሆኖም በቀርቀሃና በጨርቅ ጥብቅ ተደርጎ የታሰረ ስብራት ደም እንዳይዘዋወር አድርጎ እጅና እግር እስከማስቆረጥ እንደሚያደርስ የአገራችን የአጥንት ሐኪሞች ለዓመታት ሲናገሩና ሲጽፉ ኖረዋል። በኦሊየር ላይ ደግሞ ሌላ ችግር ይጨመራል፤ ወጌሻው የሚዳስሰው ጉብታ የወለቀ ወይም የተጣመመ አጥንት ስለሚመስለው አሽቶ ሊመልሰው ይሞክራል፣ ያን ስስ አጥንትም እንደገና ሊሰብረው ይችላል። ደግነቱ እነዚህ ስብራቶች በጄሶ ከታሰሩ እንደ ሌላው ሰው ስብራት ይገጥማሉ፤ አንዳንዴ ሐኪሙ ስብራቱ ከዳነ በኋላ ካርቲሌጁን ጠርጎ ባዶውን ከሌላ ቦታ በተወሰደ አጥንት ይሞላዋል። ጉብታ ሁሉ ግን መጠረግ የለበትም። የማያምም፣ የማይሰበር፣ ሥራ የማይከለክል ጉብታ እንዲሁ ይተዋል፤ ይህን ለዘመድ ማስረዳት ከሁሉም ያስቸግራል፤ «እያያችሁት ለምን አታስወጡላትም?» ይሉናልና።

አሁን ወደ እግሯ ልመለስ፤ በእኛ ቤት ብዙውን ሐሳብ የሚወስደው እሱ ነው። የታመመ ማደጊያ ቀስ ብሎ ያድጋል፣ ጤነኛው ግን መንገዱን ይቀጥላል፤ ስለዚህ ልዩነቱ ከልጁ ጋር አብሮ ያድጋል። ሳይታከም ከቀረ ዕድገት ሲያበቃ ከ10 ሴንቲ ሜትር ሊያልፍ ይችላል። ሐኪሟ ልዩነቱን የሚለካው በቀላል ዘዴ ነው፤ ከአጭሩ እግር ሥር ስስ የእንጨት ጣውላዎችን ደራርቦ ሁለቱ የዳሌ አጥንቶች እኩል ሲሆኑ የጣውላዎቹን ውፍረት ይቆጥራል፤ ከዚያ በቆመችበት በሚነሣ ራጅ ያረጋግጣል።

ከዚህ በኋላ ያለው የሒሳብ ሥራ ስለሆነ ትንሽ ብቆይበት ይቅርታ ይደረግልኝ። ከእግር ማደጊያዎች ፈጣኑ ከጉልበት በላይ ያለው የጭን አጥንት ማደጊያ ነው፤ በአማካይ በዓመት 9 ሚሊ ሜትር ያህል ይጨምራል። ከጉልበት በታች ያለው የቅልጥም ማደጊያ ደግሞ 6 ሚሊ ሜትር ያህል ይጨምራል። ሴት ልጅ በ14 ወንድ በ16 ዓመት አካባቢ ማደግ ያቆማሉ ብለን ብንወስድ፣ በ11 ዓመቷ የጤነኛው እግር ሁለቱ የጉልበት ማደጊያዎች በትንሽ ቀዶ ሕክምና ቢዘጉ፣ ያ እግር በቀሩት ሦስት ዓመታት ሊያድግ የነበረውን 4.5 ሴንቲ ሜትር አያድግም። አጭሩ እግር በዚያ ጊዜ እየደረሰበት ይመጣል። ይህ ስሌት ሌላ ችግር ለሌለበት ልጅ ጥሩ ነው። በኦሊየር ግን አጭሩ እግር ራሱ የሚያድገው በተለመደው ፍጥነት አይደለም፤ በግማሽ ፍጥነት የሚያድግ ከሆነ በእነዚያ ሦስት ዓመታት የሚደርስበት 2.25 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። ማደጊያ መዝጋት ጠቃሚ ሆኖ ሳለ ብዙ ጊዜ ብቻውን የማይበቃው ለዚህ ነው፤ ያለ መጠን ከተጠቀሙበትም አጠቃላይ ቁመቷን ይቀንሰዋል።

ሁለተኛው መንገድ አጭሩን ማስረዘም ነው። ዘዴውን በዓለም ላይ ያስፋፋው ጋቭሪል ኢሊዛሮቭ የተባለ የሶቪየት ሐኪም ሲሆን፣ ከ1950ዎቹ ጀምሮ በምዕራብ ሳይቤሪያ በምትገኘው ኩርጋን ከተማ ሠርቶበታል። አጥንቱ በጥንቃቄ ይቆረጥና ከእግሩ ውጭ ባሉ የብረት ቀለበቶችና በአጥንቱ ውስጥ በሚያልፉ ስስ ሽቦዎች ይያዛል፤ ከጥቂት ቀናት ዕረፍት በኋላ ቀለበቶቹ በቀን 1 ሚሊ ሜትር፣ ያውም አራት ጊዜ ሩብ ሩብ ሚሊ ሜትር እየተደረገ፣ እንዲራራቁ ይደረጋል። በክፍተቱ ውስጥ ሰውነት ራሱ አዲስ አጥንት ይሠራል። ምዕራቡ ዓለም ይህን ዘዴ በሚገባ ያወቀው በ1980 ካርሎ ማውሪ የተባለ ጣሊያናዊ ተራራ ወጪ ለዓመታት አልድን ያለውን እግሩን ኩርጋን ሄዶ ከታከመ በኋላ ነው፤ ኢሊዛሮቭ በማግስቱ ዓመት ወደ ጣሊያን ተጋብዞ ዘዴውን አስረዳ። ለኦሊየር ልጆች ይህ ሕክምና አንድ ያልተጠበቀ በጎ ነገር አለው፤ የታመመው አጥንት ሲረዝም በክፍተቱ የሚፈጠረው አዲስ አጥንት ጤነኛ አጥንት ሆኖ ይወጣል፣ በአካባቢው ያለ ካርቲሌጅም አንዳንዴ በአጥንት ሲተካ ታይቷል።

ዋጋው ግን ቀላል አይደለም፤ ስለ ገንዘቡ ብቻ አይደለም የምናገረው። 5 ሴንቲ ሜትር ለማስረዘም ብረቱን ለ50 ቀን ያህል ማዞር ይጠይቃል፤ ከዚያ በኋላ አዲሱ አጥንት እስኪጠነክር ድረስ ብረቱ ለተጨማሪ ወራት እግሩ ላይ ይቆያል። ሽቦው በሚገባበት ቦታ ያለው ቆዳ በየቀኑ ካልተጸዳ ያመረቅዛል፤ ጉልበቱ ካልታጠፈና ካልተዘረጋ ይደርቃል። ልዩነቱ ትልቅ ከሆነም ሥራው በልጅነትና በጉርምስና ተከፋፍሎ ከአንድ ጊዜ በላይ ይደገማል። ስለዚህ ሐኪሞቿ ጊዜውን ከትምህርት ቤት፣ ከዕድሜዋና ከስነ ልቦናዋ ጋር አስማምተው መምረጥ እንደሚሻል ነግረውናል። በአዲስ አበባ ከ2008 ጀምሮ የሚሠራው ኪዩር የሕፃናት ሆስፒታልና የጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የአጥንት ክፍል የልጆች አጥንት ችግር ከሚታይባቸው ቦታዎች መካከል ናቸው፤ ወላጆች ተስፋ ቆርጠው ከመቀመጣቸው ወይም ውጭ አገር ለመሄድ ቤት ከመሸጣቸው በፊት እዚያ እንዲጠይቁ እመክራለሁ።

እስከዚያው ግን ሚጣ በጫማ ትኖራለች። ሰፈራችን ያለው ጫማ ሰፊ በግራ ጫማዋ ሶል ሥር ቀላል ስፖንጅ ከጎማ ጋር ደርቦ ይሠራላታል፤ ከባድ ጎማ ብቻ ሲሆን እግሯን ያደክማት ነበር። ቁመቷ ሲለወጥ ሶሉም ይለወጣል። ትምህርት ቤት ውስጥ ከሩጫ እንድትከለከል የጠየቁ መምህራን ነበሩ፤ ሐኪሟ ግን ከመጋጨትና ከመውደቅ የሚያስፈሩ ጨዋታዎችን ብቻ ቀንሳ በቀረው እንድትሳተፍ ፈቅዷል፤ የማይንቀሳቀስ እግር ጡንቻው ይሟሽሻል፣ አጥንቱም ይሳሳል። ጣቶቿን በተመለከተ ከእኛ ይልቅ እሷ ቀላል አድርጋ ትወስደዋለች፤ ልጆች ሲጠይቋት «አጥንቴ ውስጥ ሌላ አጥንት አለ» ብላ ትመልሳለች፤ ትክክል ባይሆንም በጣም የራቀ አይደለም።

አሁን የመጀመሪያው ጥያቄ ቀረኝ። ኤንኮንድሮማ ካንሰር አይደለም፤ ወደ ሌላ የሰውነት ክፍል አይሰራጭም። ነገር ግን በኦሊየር ከዓመታት በኋላ አንዱ ጉብታ ወደ ኮንድሮሳርኮማ፣ ማለትም ወደ ካርቲሌጅ ካንሰር፣ ሊለወጥ ይችላል፤ ይህም የሚሆነው አብዛኛውን ጊዜ ልጁ ካደገ በኋላ ነው። በተለያዩ ጽሑፎች የሚሰጠው ቁጥር ከ5 እስከ 50 በመቶ ይዘረጋል፤ የቁጥሩ ስፋት ራሱ ብዙ ነገር ይናገራል። በ2011 የወጣ፣ ከአውሮፓ ሆስፒታሎች 161 የኦሊየርና የማፉቺ ሕመምተኞችን የሰበሰበ ጥናት 40 በመቶ ያህሉ ኮንድሮሳርኮማ እንደያዛቸው አግኝቷል፤ ጉብታዎቻቸው በእጅና በእግር ትንንሽ አጥንቶች ብቻ በተወሰኑት ግን ቁጥሩ 15 በመቶ ነበር። እንደ ሒሳብ መምህር የምጨምረው፣ እነዚህ ሰዎች የተቆጠሩት በትላልቅ የአጥንት ዕጢ ሆስፒታሎች ውስጥ መሆኑን ነው። ችግር ያልገጠመው ሰው እንዲህ ያለ ሆስፒታል ስለማይሄድ አይቆጠርም፤ ስለዚህ ቁጥሩን በእያንዳንዱ ልጅ ግንባር ላይ እንደተጻፈ ዕድል አድርጎ ማንበብ ስሕተት ነው። ዝም ብሎ መተውም እንዲሁ ስሕተት ነው፤ የጭን፣ የዳሌና የትከሻ አጥንቶች ከጣቶች ይልቅ ክትትል ይፈልጋሉ።

መጠንቀቅ የሚገባው ምልክት ስብራት ሳይኖር የሚመጣና ሌሊትም የማይተው ሕመም፣ እንዲሁም ዕድገት ካቆመ በኋላ መጠኑ የሚጨምር ጉብታ ነው። ልጅ እያደገ ሳለ ጉብታው አብሮ ቢያድግ ያን ያህል አያስደነግጥም፤ አዋቂ ሰው ላይ ግን ጉብታ ማደግ የለበትም። አንዳንድ ሐኪሞች በየጊዜው ኤምአርአይ ያዝዛሉ፣ አንዳንዶቹ ምልክት ሲኖር ብቻ። በጊዜ የተገኘ ኮንድሮሳርኮማ አብዛኛውን ጊዜ ቀስ ብሎ የሚያድግ ዓይነት ነው፤ ሕክምናውም ቀዶ ሕክምና ነው፣ የተለመዱት የኬሞቴራፒ መድኃኒቶችና ጨረር ብዙም አይሠሩበትምና። ከአጥንት ውጭም አልፎ አልፎ የአንጎል ዕጢ፣ በሴቶች ልጆች ደግሞ የእንቁላል ማምረቻ ዕጢ ሊከሰት ስለሚችል፣ የማይለቅ ራስ ምታት፣ የዕይታ ለውጥ፣ ያለ ዕድሜ የሚታይ የጉርምስና ምልክት ወይም የሆድ እብጠት ለሐኪም ሳይነገር መቆየት የለበትም። የማፉቺ ዓይነት ካለ፣ ማለትም ቆዳ ላይ ሰማያዊ መሳይ ለስላሳ እብጠቶች ከታዩ፣ ክትትሉ ይበልጥ ይጠብቃል።

እዚህ ላይ ከሁሉም አስበልጬ የማሳስበው የናሙናን ነገር ነው። ከሚጣ ጣት ተወስዶ ወደ ላቦራቶሪ የሄደ ናሙና «ኮንድሮሳርኮማ ሊሆን ይችላል» የሚል ውጤት ይዞ ተመልሶ ቤታችንን ለሳምንታት አሸብሮት ነበር። የኦሊየር ኤንኮንድሮማ ከተራው ኤንኮንድሮማ ይልቅ በማይክሮስኮፕ ሲታይ በሕዋሳት የታጨቀና ቅርጻቸው የተለያየ ሆኖ ይታያል፤ የጣት ኤንኮንድሮማ ደግሞ በተፈጥሮው እንዲህ ነው። ስለዚህ ናሙናውን የሚያየው ባለሙያ የልጅቷን በሽታ ስም ካላወቀና ራጇን ካላየ መልኩን ብቻ አይቶ ከባድ ስም ሊሰጠው ይችላል። ራጁ አብሮ ተልኮ ሌላ ባለሙያ ሲያየው የጣቷ አጥንት ግድግዳ እንዳልተበጣጠሰና ወደ ሥጋ የገባ ነገር እንደሌለ አየ፤ ሁለተኛው ውጤት ኤንኮንድሮማ ነበር። የመጀመሪያውን ውጤት ይዞ ጣት ለመቁረጥ የሚቸኩል ቤተሰብ ቢኖር ከልቤ አልፈርድበትም፣ ግን ራጅ የሌለው የናሙና ውጤት በዚህ በሽታ ግማሽ ውጤት ነው።

መድኃኒትን በተመለከተ፣ በ2011 የተገኘው የአይዲኤች ለውጥ በአንዳንድ የደምና የአንጎል ካንሰሮችም ስላለ ተመራማሪዎች የተበላሸውን ኢንዛይም የሚያግዱ መድኃኒቶችን ሠርተዋል። አይቮሲዴኒብ የተባለው በ2018 ለአንድ ዓይነት የደም ካንሰር፣ ቮራሲዴኒብ የተባለው ደግሞ በ2024 ለአንድ ዓይነት የአንጎል ዕጢ በአሜሪካ ተፈቅደዋል፤ በኮንድሮሳርኮማም ላይ ሙከራ ተደርጎባቸዋል። ለልጆች ኤንኮንድሮማ የተፈቀደ ነገር ግን የለም፤ በኢንተርኔት የዶሮ አጥንት ዱቄትና የካርቲሌጅ ክኒን የሚሸጡልንን ሰዎች ከዚህ ጋር ማምታታት አይገባም።

እህቴ የሚጣን ራጆች በየዓመቱ ለይታ፣ በእያንዳንዱ ፖስታ ላይ ቀኑንና የአጥንቱን ስም ጽፋ በአንድ ሳጥን ታስቀምጣለች። አሁን ያለው የራጅ ፎቶ ያለፈው ከሌለ ብዙ አይናገርም፤ ጉብታ አደገ ወይም አላደገም የሚባለው በማነጻጸር ነውና። ከሁሉ የምንፈራው ዘመን ግን ገና ነው፤ ሚጣ 18 ዓመት ሲሞላት የሕፃናት ሐኪሟ ያሰናብታታል፣ የአዋቂዎች ሐኪም ደግሞ አያውቃትም፤ የመለወጥ ዕድሉ የሚጨምረውም ከዚያ ወዲህ ነው። ስለዚህ ሐኪሟ ከአሁኑ አንድ ገጽ ደብዳቤ እንዲጽፍላት ጠይቀናል፤ በደብዳቤው የበሽታዋ ስም፣ ጉብታ ያለባቸው አጥንቶች ዝርዝር፣ እስካሁን የደረሱት ስብራቶች፣ በየስንት ጊዜው መታየት እንዳለባትና ወደፊት ናሙና የሚወሰድ ከሆነ ራጁ አብሮ ለናሙና መርማሪው እንዲላክ የሚያሳስብ ዓረፍተ ነገር ሰፍሯል።